ክብ ሆኖ መቀመጥ፤ ጠብን ስለ ማብረድና ኅብረትን ስለ ማጽናት

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



ዛሬ በዚህ የንግግር ሰዓት ላቀርብላችሁ ያሰብሁት ጉዳይ፥ ሲያዩት ቀላል፥ ሲመረምሩት ግን ከባድ የሆነ ጉዳይ ነው። ይኸውም የተጣሉ ሰዎች ጠባቸውን ለመጨረስ በሚሰበሰቡበት ጊዜ እንዴት ሆነው ሊቀመጡ ይገባል? የሚል ነው። ምናልባት አንዳንዱ አድማጭ «አቀማመጥ ደግሞ ምን ያደርጋል? ቁም ነገሩ ፍርዱ ነው እንጂ ወንበሩ አይደለም» ይል ይሆናል። እኔም ብዙ ዘመን እንደዚሁ አስብ ነበር። ዳሩ ግን በሥራ ዘመኔ በዐይኔ ያየሁት አንድ ነገርና ስለ ሩቅ አገር ያነበብሁት ሌላ ነገር ተገጣጥመው ሐሳቤን ስላስለወጡኝ፥ ምክንያቱን ለእናንተ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ።

በመንግሥት ሥራ የቆየ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ዐይነት ታሪክ ላስቀድም። ከብዙ ዓመት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት፥ በመዝገብ ቤት ክፍል፥ ጠረጴዛቸው ጎን ለጎን የሆነ ሁለት ጸሓፊዎች ነበሩ። አንደኛው ገቢ ደብዳቤ ይቀበላል፤ ሁለተኛው ወጪ ደብዳቤ ያስተላልፋል። ከዕለታት አንድ ቀን የአንዲት ባልቴት የጡረታ ጉዳይ ያለበት ፋይል ጠፋ። የገቢው ጸሓፊ «አስረክቤአለሁ» አለ፤ የወጪው ጸሓፊ «አልተረከብሁም» አለ። ነገሩ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀረበ፤ ምስክር ተሰማ፤ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፤ በመጨረሻም የወጪው ጸሓፊ ጥፋተኛ ሆኖ ስለ ተገኘ ከደመወዙ እንዲቀጣ ተወሰነ።

በወረቀት ላይ ጉዳዩ አለቀ። በሰዎቹ ልብ ውስጥ ግን ገና መጀመሩ ነበር። ሰላምታ ተቋረጠ። አንደኛው በበሩ ሲገባ ሁለተኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ለመድረስ ሁለት ርምጃ የማይፈጅ ደብዳቤ፥ በተላላኪ እጅ በኃላፊው ክፍል ዞሮ በሦስተኛው ቀን ይደርስ ጀመር። ባልደረቦቻቸውም ሁለት ወገን ሆነው በሻይ ሰዓት ለየብቻ መቀመጥ ያዙ። ስም የሌለው የክስ ደብዳቤ በየበሩ ሥር ተጥሎ ይገኝ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝኑት ግን እኒያ ባልቴት ነበሩ። እርሳቸው ከማንም ጋር አልተጣሉም፤ ነገር ግን አንደኛው ወደ ሁለተኛው፥ ሁለተኛውም ወደ አንደኛው እየሰደዳቸው ሁለት ዓመት ሙሉ በሁለት ጠረጴዛ መካከል ተመላለሱ።

እንግዲህ ልንጠይቅ የሚገባን ይህን ነው። ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ጠቡ ስለ ምን አልሞተም? ኮሚቴው አድልቶ ነውን? አይደለም፤ በቀረበለት ማስረጃ መሠረት በቅን ልቦና ወስኗል። ነገር ግን ፍርድ የሚመልሰው ጥያቄ «ያጠፋው ማን ነው? ቅጣቱስ ምን ያህል ነው?» የሚለውን ነው። «የተጎዳው ማን ነው? ጉዳቱን ማን ይጠግነው? ነገ ጧትስ በአንድ ክፍል እንዴት አብረን እንዋል?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ሳይሰጥ መዝገቡን ይዘጋል። አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ሲሉ የተናገሩት ስለዚሁ ነገር ነው። የተወጋው የማይረሳው ቅጣቱ ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ ቁስሉን የሚሰማለት ሰው ስላጣ ጭምር ነው።

ይህንኑ ጥያቄ በሰሜን አሜሪካ ጫፍ የሚኖር አንድ ዳኛ ጠይቆት ነበር። በካናዳ ሰሜን ምዕራብ ዩኮን የሚባል፥ ስፋቱ ታላቅ፥ ሕዝቡ ግን ጥቂት የሆነ ብርዳም ግዛት አለ። በዚያ ግዛት ሜዮ በምትባል ትንሽ መንደር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. አንድ የ26 ዓመት ጎልማሳ ተከሶ ባሪ ስቱዋርት በሚባለው ዳኛ ፊት ቀረበ። ተከሳሹ ከአገሩ ነባር ሕዝብ ወገን ሲሆን፥ ከዚያ በፊት 43 ጊዜ ጥፋተኛ ተብሎ የተፈረደበት ሰው ነበር። ሲታሰር፥ ሲፈታ፥ ተመልሶም ሲታሰር ኖሯል። ዐቃቤ ሕጉ አሁንም እንዲታሰር ጠየቀ። ዳኛው ግን በ43 ፍርድ ያልታረመ ሰው በ44ኛው ይታረማል ብሎ ማመን አስቸገረው።

ስለዚህ ዳኛው አንድ ነገር አደረገ። የችሎቱን ወንበሮች አስነሥቶ በክብ አስደረደራቸው፤ እርሱም ከከፍታው ወርዶ ከሌሎቹ ጋር በእኩል ተቀመጠ። ዐቃቤ ሕጉ፥ ጠበቃው፥ ፖሊሶቹ፥ የተከሳሹ ቤተ ሰቦችና የመንደሩ ሰዎች፥ በጠቅላላው 30 ያህል ሰዎች፥ ጀርባና ፊት ሳይሆኑ ሁሉም ሁሉን እያየ ተቀመጡ። በተለመደው ችሎት ተከሳሹ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ስለ እርሱ ሌሎች ሲከራከሩ ይሰማል። በዚህ ክብ ውስጥ ግን ራሱ ተናገረ፤ ቤተ ሰቡም ተናገሩ፤ ፖሊሶቹም እንደ ከሳሽ ብቻ ሳይሆን በዚያው መንደር እንደሚኖሩ ሰዎች ሆነው ተናገሩ። በመጨረሻም የተደረሰበት ውሳኔ፥ ለተወሰነ ጊዜ ከቤተ ሰቡ ጋር ከከተማ ርቆ እንዲቆይ፥ ከመጠጥ ሱስ የሚያላቅቅ ሕክምና እንዲከታተል፥ ከዚያም ወደ መንደሩ ተመልሶ በወገኖቹ ድጋፍና ክትትል እንዲኖር የሚያዝዝ ሆነ። ዳኛው በጻፈው ፍርድ ላይ የአቀማመጡ መለወጥ የንግግሩን መንፈስ እንደ ለወጠው ገልጿል። ይህ ፍርድ በየአገሩ ባሉ የሕግ ሰዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ክቡራን አድማጮች! ይህ አሠራር ግን የዳኛው የራሱ ፈጠራ አይደለም። ነጮች ወደዚያ አህጉር ከመምጣታቸው በፊት ነባሮቹ ሕዝቦች ይመክሩና ይታረቁ የነበሩት በክብ ተቀምጠው ነው። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የናቫሆ ሕዝብም፥ በ1982 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ በራሱ ፍርድ ቤቶች ውስጥ የቀድሞውን የዕርቅ ሥርዓት በደንብ አቋቁሟል። በናቫሆ ቋንቋ «ናልዬህ» የሚባል ቃል አለ፤ ካሣ ማለት ነው። ነገር ግን ናልዬህ በገንዘብ ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም፤ ተበዳዩ «አሁን ልቤ ሞላ» እስኪል ድረስ የሚደረገውን ሁሉ ይጨምራል። ይህን አነጋገር የእኛ ሽማግሌዎች ቢሰሙት እንግዳ የሚሆንባቸው አይመስለኝም።

እንደዚሁም በካናዳ ማኒቶባ በሚባለው ክፍለ ሀገር ሆሎ ዋተር የምትባል የነባሮቹ ሕዝቦች መንደር አለች። በዚያች መንደር ለመናገር የሚያሳፍር ጥፋት፥ ይኸውም በየቤተ ሰቡ ውስጥ በሕፃናትና በሴቶች ላይ የሚፈጸም ክብረ ነክ ወንጀል በዝቶ ነበር። የመንደሩ ሰዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ዓመታት አንሥተው ተጎጂውንም በዳዩንም ለየብቻ እያዘጋጁ፥ በመጨረሻ በክብ እያገናኙ፥ ቁስሉን ማከም ጀመሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. የወጣ ጥናት እንደሚያመለክተው፥ በዚህ መንገድ ካለፉት 107 በዳዮች መካከል ወደዚያው ጥፋት የተመለሱት 2 ብቻ ናቸው። እዚህ ላይ ግን በጥንቃቄ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በዳዩ በዚያ ክብ ውስጥ ለመግባት አስቀድሞ በፍርድ ቤት ጥፋቱን ማመን ነበረበት። ክቡ ከሕግ ማምለጫ በር አልነበረም። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ደግሞ የክቡን አሠራር ባጭሩ ላስረዳ። በመጀመሪያ፥ በመካከል ጠረጴዛ አይኖርም። ጠረጴዛ ሰው የሚሸሸግበት ምሽግ ነውና። ሁለተኛ፥ አንድ ጠባቂ ይመረጣል። ይህ ጠባቂ ዳኛም አስታራቂም አይደለም፤ ሥራው ሥርዓቱ እንዳይፈርስ መጠበቅና ሁሉም ሳይፈራ የሚናገርበትን ስፍራ ማበጀት ብቻ ነው። ሦስተኛ፥ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ አንድ ነገር አለ። በነባሮቹ ሕዝቦች ዘንድ ብዙውን ጊዜ የንስር ላባ ነው። ያን የያዘ ሰው ይናገራል፤ ያልያዘ ሁሉ ያዳምጣል። መናገር የማይፈልግ ሰው ምንም ሳይል ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። አራተኛ፥ የስብሰባውን ደንብ የሚያወጡት ተሰብሳቢዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ በክቡ ውስጥ የተነገረ ምሥጢር ወደ ውጭ እንዳይወጣም ቃል ይገባባሉ። አምስተኛ፥ ውሳኔ የሚሰጠው በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በሁሉም ስምምነት ነው። ሁሉም ሰው ውሳኔውን በፍጹም ደስታ ይቀበለዋል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን «ይህን ተሸክሜ ልሄድ እችላለሁ» የማይል ሰው እስካለ ድረስ ጉዳዩ አልተጨረሰም።

ስለ ክብ ሥርዓት በ2003 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጽሐፍ ያሳተሙት ኬይ ፕራኒስ፥ ባሪ ስቱዋርትና ማርክ ዌጅ፥ ሥራውን በአራት እኩል ክፍል ይከፍሉታል። መጀመሪያ መተዋወቅ፤ ቀጥሎ መግባባትና መተማመን፤ ከዚያ ወደ ችግሩ መግባት፤ በመጨረሻም ስለ ወደ ፊቱ መወሰን ነው። ልብ በሉ! ከጊዜው ግማሹ የሚያልፈው ስለ ጠቡ አንድም ቃል ሳይነሣ ነው። ለቸኰለ ሰው ይህ ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። ሆኖም ሰው ምሥጢሩን የሚያወጣው ለሚያውቀው ሰው ስለሆነ፥ ሳይተዋወቁ ወደ ነገር መግባት ሳያርሱ እንደ መዝራት ይቈጠራል።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምን አዲስ ነገር አለው? እኛስ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ስንታረቅ የኖርን ሕዝብ አይደለንምን?» የሚል አድማጭ ካለ፥ እውነት አለው። በጉራጌ ሰባት ቤት የጆካ ሸንጎ አለ። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ የገዳ ሥርዓትና የሽማግሌዎች ዕርቅ አለ፤ የገዳ ሥርዓትም በ2016 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በሲዳማ ሸንጎ ተናጋሪው ወደ ነገሩ ከመግባቱ በፊት «አፊኒ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ሰምታችኋል ወይ?» ማለት ነው። ከመናገር በፊት የመደማመጥን ግዴታ በአንዲት ቃል ማስቀመጥ ምን ያህል ታላቅ ጥበብ ነው!

ከሁሉም በላይ ግን በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የሆነውን መርሳት አይቻልም። በአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ የጋሞ ተወላጆችና ሌሎችም በግፍ መገደላቸው በተሰማ ጊዜ፥ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ቁጣቸው ነድዶ ለበቀል ተነሡ። በዚያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች ለምለም ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ሽበታም አባት በልጁ ፊት ሲንበረከክ ማየት ለሐበሻ ልጅ ከባድ ነው። ወጣቶቹም ሣሩን አልፈው መሄድ አልቻሉም፤ ተመለሱ። ጥይት ሳይተኰስ፥ አዋጅ ሳይነበብ፥ የስንት ንጹሕ ሰው ሕይወት እንደ ተረፈ እግዚአብሔር ብቻ ያውቀዋል።

ሣር ካነሣን ዘንድ፥ በጎረቤት አህጉራችን ክፍል በሩዋንዳ «ጋቻቻ» የሚባለው የሸንጎ ስም የተወሰደው ሰዎቹ ከሚቀመጡበት ሣር ነው። በ1994 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከደረሰው ከዚያ አሠቃቂ እልቂት በኋላ፥ መደበኛው ፍርድ ቤት ብቻውን ሊጨርሰው የማይችለው ነገር ስለ በዛ፥ ከ2002 እስከ 2012 ዓ.ም. በየመንደሩ በተቋቋሙት በነዚህ ሸንጎዎች 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ጉዳዮች ታይተዋል። ብዙ ቤተ ሰብ የሟቹን አስከሬን ያገኘው በዚያ በተነገረ ኑዛዜ ነው። በሌላ በኩል ግን ተከሳሾች ጠበቃ ሳያቆሙ ከባድ ቅጣት የሚወሰንባቸው በመሆኑ፥ ምስክሮችም በፍርሀት የሚናገሩበት ጊዜ ስለ ነበረ፥ ሥርዓቱ ብዙ ነቀፋ ደርሶበታል። ስለዚህ የሣር ላይ ሸንጎ ሁሉ ያለ ነውር ነው ብለን መናገር አንችልም።

ክቡራን አድማጮች! የራሳችንንም ነውር መናገር ይገባናል። የእኛ ሽምግልና ታላቅ ሀብት ነው፤ ሆኖም ሁለት ጉድለት አለበት። የመጀመሪያው መቸኰል ነው። ሽማግሌው ነገሩን ሳይሰማ፥ የተበዳዩም እንባ ሳይደርቅ፥ «አንተም ተው፤ አንተም ተው» ብሎ ያስማል። ተጣልተው የነበሩት ሰዎች ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመው ይለያያሉ፤ ቂሙ ግን አልተሳመም። ይህን ዐይነቱን ዕርቅ አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለው ነቅፈውታል። ሁለተኛው ጉድለት፥ በዛፉ ጥላ ሥር የተቀመጠው ማን ነው? የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ የሚቀመጡት ሽማግሌ ወንዶች ብቻ ናቸው። ሴቶችና ወጣቶች ግን ስለ እነርሱ ይወራል እንጂ እነርሱ አይጠየቁም።

ይህ ነገር ዛሬ የተነሣ ጥያቄ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት የቃቄ ውርድወት የተባለች የጉራጌ ሴት፥ በጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ የሴቶች መብት በጋብቻና በፍቺ እንዲከበር ጠይቃለች። በኦሮሞ ባህልም ሲንቄ የያዙ ሴቶች በተጣሉት መካከል ሲገቡ፥ ጠበኞቹ መሣሪያቸውን የማስቀመጥ ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ ሴትን በሸንጎ ማስቀመጥ ከውጭ አገር የመጣ ሐሳብ ሳይሆን፥ ከራሳችን ሴቶች የቀረበ፥ ነገር ግን ገና በሙሉ ያልተመለሰ ጥያቄ ነው። ከክብ ሥርዓት የምንማረው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። ላባው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሴቲቱን አይዘልም፤ ወጣቱንም አይዘልም፤ በዳይንም ተበዳይንም አይዘልም።

አሁን ቀደም ብዬ ወደ ተውሁት ነጥብ ልመለስ። ክብ የማይገባበት ስፍራ አለ። ባሏ የሚደበድባት ሴት ከደብዳቢዋ ፊት ተቀምጣ «ተናገሪ» ብትባል፥ በፍርሀት የተናገረችው ቃል ቃል አይደለም። የተደፈረች ልጅ ጉዳይ በጓዳ ዕርቅ ተሸፍኖ ቢቀር፥ ያ ዕርቅ ሁለተኛ በደል ነው። በካናዳም ቢሆን የሴቶች ማኅበራት በቤት ውስጥ ስለሚፈጸም ዱላ ክብ መጠቀምን አጥብቀው የተቃወሙት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ሦስት ወሰን መኖር አለበት። ማንም ሰው ተገድዶ አይቀመጥ፤ ደካማው ከብርቱው ጋር ከመቀመጡ በፊት አጠገቡ የሚቆምለት ሰው ይኑረው፤ ወንጀል የሆነውን ነገር ሕግ ይየው። የአገራችንም ሕግ ለስምምነት በር ከፍቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ዕርቅ ድንጋጌ ነበረው፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ የግልና የቤተ ሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ስለ ግልግል ዳኝነትና ስለ ዕርቅ አሠራር ሥርዓትም አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ወጥቷል። በነዚህ ሁሉ ውስጥ ዋናው ቃል «ፈቃድ» የሚለው ነው።

ወደ ሁለቱ ጸሓፊዎች ታሪክ ልመለስና ንግግሬን ወደ ፍጻሜው ላድርስ። በሁለተኛው ዓመት ማለቂያ ላይ የመዝገብ ቤቱ ሹም፥ ጋሼ እያልን የምናከብራቸው፥ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወር የቀራቸው ሰው፥ አንድ ቀን ከሥራ ሰዓት በኋላ ሰባት ሰዎች እንድንቀር ለመኑን። ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳ አስጠግተው ወንበሮቹን በዙሪያ አስቀመጡ። በስምንተኛው ወንበር ላይ ያስቀመጡት ማንንም ያስደነቀ ነበር፤ እኒያን ባልቴት ነበር። ከዚያም የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው፥ «እናንተ ልጆች፥ ስትጣሉ ሁለታችሁም ባንድ ጊዜ ስለምትናገሩ አንዳችሁንም ሰምቼ አላውቅም። ዛሬ ይህን ቁልፍ የያዘ ይናገር፤ ሌላው ዝም ይበል» አሉ። እርሳቸው ስለ ዩኮን የሰሙት ነገር አልነበረም። ያደጉበት አገር ሽማግሌ ሲናገር በትር ይይዝ ስለ ነበር፥ በትሩን በቁልፍ መለወጣቸው ብቻ ነው።

ቁልፉን መጀመሪያ የያዙት ባልቴቲቱ ነበሩ። «ልጆቼ፥ ፋይሉን የጣለው ማን እንደ ሆነ እኔ አላውቅም፤ ማወቅም አልሻም። እኔ የማውቀው የምመላለስበትን የመኪና ገንዘብ ከጎረቤት ስበደር መኖሬን ነው። እናንተ ሁለት ርምጃ መራመድ ስላቃታችሁ እኔ ከተማውን ዞርሁት» አሉና ቁልፉን አስተላለፉ። ከዚህ በኋላ በክፍሉ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ዝምታ ሆነ። ቁልፉ በሁለተኛው ዙር ወደ ገቢው ጸሓፊ በደረሰ ጊዜ፥ ሰውዬው ለኮሚቴው ያልነገረውን ነገር ተናገረ። በዚያ ቀን ልጁ ታሞበት ወደ ሐኪም ቤት ሲሮጥ፥ ፋይሉን ሳያስፈርም በባልደረባው ጠረጴዛ ላይ ጥሎት ሄዷል። ቅጣት ፈርቶ «አስፈርሜ ነበር፤ ወረቀቱ ጠፋ» ብሏል። የወጪው ጸሓፊም በተራው፥ ስም የሌላቸውን ደብዳቤዎች የጻፈው እርሱ መሆኑን በፈቃዱ አመነ።

በዚያ ማታ አልተቃቀፉም፤ አላለቀሱምም። ነገር ግን ሦስት ነገር ተስማሙ። የቅጣቱን ገንዘብ እኩሌታ የገቢው ጸሓፊ እንዲመልስና እውነቱን ለኃላፊው በጽሑፍ እንዲያስታውቅ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው የደብዳቤውን ቅጂ ከየመሥሪያ ቤቱ እየሰበሰቡ የባልቴቲቱን ፋይል እንደ ገና እንዲያቋቁሙ፤ ወደ ፊትም ያለ ርክክብ መዝገብ ምንም ወረቀት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እንዳያልፍ። የጠፋው ፋይል እስከ ዛሬ አልተገኘም። ባልቴቲቱ ግን ከሁለት ወር በኋላ ጡረታቸውን ተቀበሉ። ሁለቱ ሰዎች የልብ ወዳጆች ሆኑ ብል እዋሻለሁ፤ ዳሩ ግን ጧት ሲገናኙ «እንደምን አደርህ» ይባባሉ ጀመር። በመሥሪያ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኮሚቴው በሕግ ያላገኘውን እውነት ቁልፉ ለምን አገኘው? በኮሚቴው ፊት እውነት መናገር ቅጣት ያመጣል፤ በክቡ ውስጥ ግን እውነት መናገር መውጫ መንገድ ሆነ። በኮሚቴው ፊት የባልቴቲቱ ስም በፋይል ቁጥር ብቻ ተጠቅሷል፤ በክቡ ውስጥ ግን እርሳቸው ራሳቸው ተቀምጠዋል። ኮሚቴ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ኮሚቴው በሚያቆምበት ስፍራ የሚጀምር ሌላ ሥራ አለ ማለቴ ነው።

እንግዲህ እኛ በየመሥሪያ ቤቱ የምንውል፥ በየጋራ መኖሪያ ቤቱ የምናድር፥ በዕድርና በዕቁብ የምንገናኝ ሰዎች ይህን ሥርዓት ለመሞከር ትልቅ በጀት አያስፈልገንም። ወንበር አለን፤ ወንበሩን ማዞር ብቻ ነው። ሆኖም ጠብ እስኪመጣ አንጠብቅ። እሳት ከተነሣ በኋላ ጉድጓድ መቆፈር ዘበት ነው። በወር አንድ ጊዜ የአንድ ክፍል ሠራተኞች ጠረጴዛውን ወደ ጎን አድርገው፥ «በዚህ ወር ምን ደከመኝ? ማን ረዳኝ?» ብለው በየተራ ቢነጋገሩ፥ ብዙ ክስ ሳይጻፍ ይቀራል። ጠባቂውም ሁልጊዜ አለቃው ባይሆን ይመረጣል፤ አለቃ በክቡ ውስጥ እንደ ሌላው ተራውን ጠብቆ መናገርን ቢለምድ፥ ከማንም ይልቅ የሚጠቀመው እርሱ ነው። በክቡ የተነገረውንም በሹመትና በዝውውር ጊዜ እንደ ማስረጃ የሚያነሣ ሰው ቢኖር፥ ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም እውነት አይናገርምና ይህን ምሥጢር መጠበቅ የሁሉም ኃላፊነት ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ጠብም እንዲሁ ነው። ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ሲሸከሙት ያጐብጣቸዋል፤ በዙሪያቸው ያሉ ሁሉ እጃቸውን ሲያበድሩ ግን ይቀልላል። አገራችን በነዚህ ዓመታት ያየችው መከራ እጅግ ከባድ እንደ ሆነ ለእናንተ መናገር አያስፈልገኝም። ያን ሁሉ በስምንት ወንበር እናስተካክለዋለን አልልም። ይሁን እንጂ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ርምጃ መራመድ ያልተለማመደ ሰው፥ ከአንድ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ሊራመድ አይችልም። ነገ ጧት ወደ ሥራችሁ ስትገቡ ፊታችሁን ያዞራችሁበት ሰው ካለ፥ ቁልፉን ለማን እንደምታስተላልፉ አስቡበት።

 እግዚአብሔር ለአገራችን ሰላም፥ ለእኛም የማዳመጥ ትዕግሥት ይስጠን።